የጣቶችን ደኅንነት ለማስጠበቅና የጓንት ምርጫን ለመደንገግ የወጣ አዋጅ

ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ጓንትህን የመኪናው ጣራ ላይ ረስተህ የነዳህ ደግሞ መጀመሪያ ተመለስና ፈልግ፣ ከዚያ ትሰማለህ!

ከዴንቨርና ከአውሮራ ሌሊት ተነሥታችሁ፣ ሊፍት በሌለበት የሮኪ ተራራ ላይ በገዛ እግራችሁ ወጥታችሁ በስኪ የምትወርዱ ወገኖች ሆይ፤

ዴንቨር የአንድ ማይል ከፍታ ከተማ ነኝ እያለች ብትኮራም 1,609 ሜትር ላይ ተቀምጣ አዲስ አበባን ቀና ብላ የምታይ በመሆኗ፣ ከሸገር የመጣ ሁሉ «ከፍታ ለምጄዋለሁ» እያለ ባዶ እጁን ተራራ ሲወጣ በመታየቱ፤

ራስ ደጀን የኮሎራዶን ትልቁን ተራራ ኤልበርትን ከ100 ሜትር በላይ ቢበልጠውም፣ በረዶ ራስ ደጀን ላይ እንግዳ፣ እዚህ ግን ባለርስት በመሆኑ፤

የኢትዮጵያ በግ ቆዳ ስስነትና ጥንካሬ አጣምሮ በመያዙ በዓለም ጓንት ሠሪዎች ዘንድ ተፈላጊ ሆኖ ሳለ፣ የአገሪቱ ልጆች እጃቸውን ኪስ ከትተው መገኘታቸው ለበጎቹም የሚያሳፍር በመሆኑ፤

«ሐበሻና በረዶ ምን አገናኛቸው?» የሚለው ክርክር፣ ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በስኪ ከሮጠ ወዲህ በይርጋ የታገደ በመሆኑ፤

ብርድ ሲመጣ ማዕከላዊው መንግሥት ልብንና አንጎልን ለማዳን ሲል መጀመሪያ የሚቀንሰው የዳር አገሮችን የደም በጀት በመሆኑና ትንሿ ጣት በዚህ ረገድ ተደጋጋሚ አቤቱታ ያቀረበች በመሆኑ፤

የአሥሩ ጣቶች ጠቅላላ ጉባኤ በሁለቱ አውራ ጣቶች ሰብሳቢነት፣ ወደ 3,450 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ በበርተድ ፓስ የመኪና ማቆሚያ፣ ሞተሩ ባልጠፋ መኪና ውስጥ ተሰብስቦ የሚከተለውን አውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የጓንት አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ከዚህ የረዘመ ርዕስ የሚጽፍ ጣት አልተገኘም።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ

በዚህ አዋጅ ውስጥ «ባለቤት» ማለት ለስኪው የወር ደመወዙን አውጥቶ ጓንቱን ከነዳጅ ማደያ የገዛ ማንኛውም ሰው ነው። «ጠላት» ማለት ላብ ነው። «ብርድ» ማለት የጠላት ግብረ አበር ነው።

አንቀጽ 3። ስለ አቀበት

በሊፍት የሚወጣ ሰው ተቀምጦ ይቀዘቅዛል፤ ወፍራም ጓንቱን ማንም አይነካበትም። እናንተ ግን ስኪው ሥር ጠጉራም ጨርቅ ለጥፋችሁ ሁለት ሰዓት አቀበት የምትገፉ ናችሁ። ባለቤቱ በዚህ ሰዓት ምድጃ ነው። በወፍራም ጓንት የወጣ እጅ ያልበዋል፤ ላቡ ወደ ሙቀት መያዣው ይገባል፤ ጫፍ ላይ ነፋስ ሲያገኘው ያ ሁሉ ድሎት እንደ ረጠበ ጋቢ ይከብዳል፣ ይበርዳልም።

ስለሆነም በአቀበት ስስ የሱፍ ጓንት ወይም ገበር የሌለው የቆዳ ጓንት ይደረጋል። መኪናው አጠገብ ቆሞ «እጄ እንዴት ተመችቶታል» የሚል ባለቤት ብዙ ሳይሄድ ሕግ ተላላፊ ይሆናል፤ ሲነሣ ትንሽ ሊበርደው ይገባል።

«የእኔ ጓንት ጎርቴክስ ነው» የሚል መከራከሪያ በጉባኤው ቀርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 በቦብ ጎር እጅ የተገኘው ይህ ስስ ሽፋን ውሃን ከውጭ ይከለክላል፣ ትነትን ከውስጥ ያሳልፋል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ትነት የማሳለፍ ፈቃድ ቢኖረውም እንደ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ወረፋ አለው። አቀበት ላይ ያለ ሰው ላብ ደግሞ ወረፋ አይጠብቅም።

አንቀጽ 4። ስለ ጫፍ

ጫፍ የደረሰ ባለቤት መጀመሪያ ፎቶ አይነሣም። በስሱ ጓንት ጨርቁን ከስኪው ሥር ይልጣል፤ በወፍራም ጓንት ይህን በሙጫ የተያዘ ጨርቅ ለመላጥ የሞከረ ሰው እስከ ዛሬ እየታገለ ነው። ከዚያ ደረቁን ወፍራም ጓንት ከቦርሳ ያወጣል። የረጠበውን ስስ ጓንት ኮቱ ውስጥ፣ ደረቱ ላይ ያስገባዋል። በረዶ ላይ ማስቀመጥ፣ ዘንግ ላይ መስቀል፣ «አንዴ ያዝልኝ» ብሎ ለነፋስ አደራ መስጠት ክልክል ነው። በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ገመድ የሕፃን ነው የሚል ሰው ጓንቱ ገደል ሲገባ ልጅነቱን ይመኛል።

አንቀጽ 5። ስለ አየር ጠባይ

በደረቅ ብርድ ቆዳ ይፈቀዳል። ሙቀቱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ የተጋለጠ ቆዳ ላይ ከዜሮ በታች እንደ 26 ይሰማል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ስልኩ የነገረውን ዲግሪ ብቻ ይዞ ከጣቶች ጋር መከራከር አይችልም። ቆዳው አስቀድሞ የንብ ሰም ጠጥቶ መሆን አለበት፤ ሰም ያልጠጣ ቆዳ ውሃ ይጠጣል።

ዶፍ በረዶ ሲወርድ እስከ ክንድ የሚዘልቅ፣ የኮቱን እጅጌ የሚውጥ ጓንት ይደረጋል።

በሚያዝያ፣ በረዶው ጠዋት እንደ ድንጋይ፣ ከሰዓት በኋላ እንደ ገንፎ ሲሆን፣ የተከበረው ቆዳ ሥራ ይለቃል። በቦታው ለብርድ የጉልበት ሥራ የተሠራ፣ በስፌቱ ውሃ የማያሳልፍ የጎማ ጓንት ይሾማል። ከመደርደሪያው ሁሉ ርካሹ እሱ ሊሆን ይችላል፤ መልኩም የዓሣ ሻጭ ያስመስላል። ጉባኤው መልክን አልመረመረም።

አንቀጽ 6። ስለ ናዳ

በዚህ አንቀጽ ላይ ፌዝ የለም። በናዳ የተቀበረን ሰው በ457 ኪሎኸርዝ የሚሠራው ራዲዮ ይፈልገዋል፤ ራዲዮውን ወደ ፍለጋ የሚያዞረው፣ የበረዶ መውጊያውን ዘንግ የሚገጣጥመው፣ አካፋውን የሚይዘው ግን ጓንት ያጠለቀ እጅ ነው። ማንኛውም ባለቤት ጓንቱን አጥልቆ እነዚህን ሦስት ሥራዎች ሳሎኑ ውስጥ ይሞክር። ያቃተው ጓንት የቱንም ያህል ቢያሞቅ ይመለስ። ቁፋሮ ጓንት ያበሰብሳል፤ መጠባበቂያ ጓንት የሌለው ቡድንም እንደ ቡድን አይመዘገብም።

ከአንቀጽ 7 እስከ 38 ያሉት በሚመለከተው አካል እጅ ላይ ናቸው። እጁ ስላልተፈታ አልደረሱንም።

አንቀጽ 39። ጣቶች ራሳቸውን በራሳቸው ስለማስተዳደር

የጉባኤውን ግማሽ ቀን የበላው ይህ አንቀጽ ነው። ጓንት ለእያንዳንዱ ጣት የራሱን ክፍል ይሰጣል። ሚተን የሚባለው ባለ አንድ ቤቱ ግን አራቱን ጣት በአንድ ጣራ ሥር ያኖራል፣ ሙቀትም ያካፍላል።

ሌባ ጣት ተነሥቶ «ዚፕ የምከፍት እኔ፣ ማሰሪያ የምፈታ እኔ፤ የራሴ ግዛት ያስፈልገኛል» አለ። ትንሿ ጣት «ራስን ማስተዳደር የሞቀው ሰው ወሬ ነው» ብላ አቋረጠችው። የመሀል ጣት ብቻውን ተነሥቶ እንዳይናገር በሥነ ሥርዓት ተከልክሏል። በባለ አንድ ቤቱ ውስጥ እንኳ ተገንጥሎ የሚኖረው አውራ ጣት ስለ አንድነት ረጅም ንግግር አደረገ፤ ተጨበጨበለት። ሌባ ጣት ለብቻው፣ ሦስቱ በኅብረት የሚኖሩበት የስምምነት ጓንት ቢቀርብም ሁለቱም ወገኖች ስለተስማሙበት ተጠራጠሩት።

ውሳኔ፦ ብርዱ ሲከፋና ነፋስ ሲጨመርበት ባለ አንድ ቤት ይደረጋል፤ ከሥሩ ስስ ጓንት ይለበሳል፣ ሥራ ሲመጣ ጣራው ተነሥቶ ሁሉም በየልብሱ ይሠራል። ሌባ ጣት ልዩነቱን አስመዝግቧል።

አንቀጽ 40። ስለ ቅጣት

የነጣ ወይም የደነዘዘ ጣት ወዲያውኑ በራስ ወይም በጓደኛ ብብት ውስጥ ጥገኝነት ይጠይቃል። በበረዶ ማሸት ወንጀል ነው። ጠንክሮ የቀዘቀዘ ጣት ደግሞ ዳግም የሚቀዘቅዝበት መንገድ ካለ አይቀለጥም፤ ሲቀለጥ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ውሃ ነው፤ ከዚያ ሐኪም ዘንድ።

አንቀጽ 41። የተሻሩ ልማዶች

ጓንት ውስጥ መተንፈስ እርጥበት ስለሚጨምር፣ ቆዳ ጓንትን እሳት ላይ ማድረቅ ስለሚሰነጥቀው፣ የእጅ ማሞቂያ ከረጢትን አየር በማይገባበት ጓንት መቆለፍ ኦክስጅን ነፍጎ ስለሚያጠፋው፣ እንዲሁም «ለአንድ ቀን ምን አለ» የሚለው ልማድ ያለ ምክንያት ተሽረዋል።

አንቀጽ 42። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በሰብሳቢዎቹ ከተፈረመበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። ለመፈረም ጓንት ማውለቅ ግድ ስለሆነ አውራ ጣቶቹ ፊርማውን አንዱ ለሌላው ሲመራ ቆይቶ፣ ጉዳዩ የመኪናው ማሞቂያ በደንብ እስኪሞቅ ድረስ በይደር ተቀጥሯል።