ጣታችንን ስንት ጊዜ እናስለምድ?

ደወሌ ላይ ወረቀት ነክ ሥራ የያዘ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚያደክመን መጻፉ ሳይሆን ኪቦርዱ ነው። ከድሬዳዋ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደን፣ ጅቡቲ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን፣ በአንድ ጠረጴዛ አራት ቋንቋ እናስተናግዳለን። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ በእንግሊዝኛ ይሞላል፣ ለፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚሄደው ደብዳቤ በአማርኛ ይጻፋል፣ የክልሉ ወረቀት በሶማልኛ ይመጣል፣ ከማዶ የሚላከው ደግሞ ፈረንሳይኛ ነው። ቋንቋው አላስመረረንም፤ የዚህ አገር ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ቋንቋ እየቀያየረ ነው ያደገው። ያስመረረን እያንዳንዱ የራሱን የፊደል አቀማመጥ ይዞብን መምጣቱ ነው።

ከጅቡቲ የተገዛ ላፕቶፕ ፊት ተቀመጡና እዩት። የፈረንሳዮቹ አቀማመጥ ነው። ኪው በነበረበት ኤ፣ ደብሊው በነበረበት ዜድ ገብቷል፤ ኤም ሸሽቶ ኤል አጠገብ ሄዷል። አንዱ መጥቶ ማሽኑን ወደ እንግሊዝኛው አቀማመጥ ይቀይረዋል፤ የቁልፎቹ ጽሑፍ ግን እዚያው ነው። ከዚያ በኋላ «ኤ» የሚለውን ስትጫኑ ስክሪኑ ላይ «ኪው» ይወጣል። እንዳለ ብትተዉት ደግሞ ከላይኛው መስመር ቁጥር ለመጻፍ ሺፍት መጫን ግድ ነው። የኮንቴነር መለያ 4 ፊደልና 7 አሃዝ ነው። ጭነቱ ብዙ ሲሆን፣ በዚህ ሙቀት፣ መብራት ሳይሄድ ልጨርስ በሚል ጥድፊያ፣ ለየአሃዙ ሺፍት እየተጫኑ መልቀም ምን ማለት እንደሆነ የሠራበት ያውቃል። አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ዕቃው ይቆማል።

ሶማልኛው ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደውም እሱ ነው። ሶማሊያ እ.ኤ.አ. በ1972 የላቲኑን ፊደል ካጸደቀች ወዲህ በሶማልኛ ኤክስ የ«ሐ»ን፣ ሲ የ«ዐ»ን ድምፅ ይዘዋል። በድምፅ በሚሄደው የአማርኛ ኪቦርድ ግን ኤክስ «ሸ»፣ ሲ «ቸ» ናቸው። በትምህርት ቤት በሶማልኛ የተማረ ልጅ የአማርኛ ደብዳቤ እንዲጽፍ ሲታዘዝ ጣቱ ወደሚያውቀው ይሄዳል፤ ሐሰን «ሻሳን»፣ ዐብዲ «ቻብዲ» ሆነው ይወጣሉ። ልጁ ሰነፍ አይደለም። አንድ ቁልፍ ሁለት ድምፅ ተሰጥቶት ነው። ሳይታይ ካለፈ ግን ኬላ ላይ «ስምህ ከመታወቂያህ ጋር አይገጥምም» ተብሎ የሚንገላታው ባለስሙ ነው።

አማርኛው ራሱስ መቼ አርፎ ያውቃል? 33 ፊደል በሰባት ቤት 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹ ሲጨመሩ ከዚያም ያልፋል። ኢንጂነር አያና ብሩ ይህን ሁሉ በታይፕራይተር ላይ ለማሳረፍ የለፉት ልፋት የሚያኮራ ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደሉን በፈቀደው ቦታ አስቀመጠው። በዚያ ዘመን የተጻፈ ደብዳቤ ዛሬ ስንከፍተው ፎንቱ ከሌለ የምልክት ክምር ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቶ ይህ ተቃለለ። የተቃለለው ግን የፊደሉ መለያ እንጂ የጣቱ መንገድ አይደለም። ፓወር ግዕዝ የለመደ አለ፣ ኪይማን የለመደ አለ፣ ከዊንዶውስ ጋር የመጣውን የሚጠቀም አለ፣ ስልኩ ላይ ካልሆነ አማርኛ መጻፍ የማይሆንለት ወጣትም አለ። በአንዱ ሺፍት የሚያስፈልገው «ጠ» ወይም «ጸ» በሌላው ሌላ ቦታ ነው። «ኀ»፣ «ሠ» እና «ፀ»ማ ሁሌም ፍለጋ ናቸው።

አሁን ደግሞ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች «ጋሼ፣ ወደ ኪይማን ይግቡና ይገላገሉ» ይሉኛል። ምክንያት አላቸው፤ በነጻ ይገኛል፣ በስልክም በኮምፒውተርም ይሠራል። ከቀየርኩ አይቀር ብዬ የዶክተር ዲቮራክንም አቀማመጥ አይቻለሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ፓተንት የተሰጠውን። አናባቢዎቹን ሁሉ በግራ እጅ መካከለኛ መስመር ደርድሮ አብዛኞቹን ተነባቢዎች ለቀኝ እጅ ሰጥቷል። አማርኛ በድምፅ ሲጻፍ አንድ ተነባቢ አንድ አናባቢ እያለ ስለሚሄድ ሁለቱ እጆች ይፈራረቁበታል፤ እውነትም ለእኛ የተመቸ ይመስላል። ግን ኮምፒውተሩ የእኔ ብቻ አይደለም። እኔ ስነሳ ሌላ ተረኛ ይቀመጣል፣ እሱ ሲነሳ ጉዳዩ የቸኮለበት አስተላላፊ ይመጣል። ለእኔ እጅ ያመቻቸሁት ማሽን ለእነሱ አምስተኛ ራስ ምታት ይሆናል። ስለዚህ ዲቮራኩን ትቼዋለሁ።

ኪይማኑን እማራለሁ። እጄ በዕድሜ ቢከብድም እማረዋለሁ፣ ምክንያቱም ከእኔ በኋላ የሚመጡት የያዙት እሱን ነው። ግን ይህ የመጨረሻው ይሁን! መሥሪያ ቤት የምትመሩ፣ ኮምፒውተር የምታስገዙ ወገኖች፦ ደወሌም ሆነ ጅጅጋ፣ አንድ የአማርኛ አቀማመጥ መርጣችሁ በሁሉም ማሽን ላይ ያንኑ ጫኑ። ፈረንሳይኛ ኪቦርድ ያለው ላፕቶፕ ከገዛችሁ ባለ እንግሊዝኛ ኪቦርድ ለብቻው ግዙለት። የሶማልኛ ስም በአማርኛ የሚጽፉትን ልጆች ደግሞ ከመቆጣት በፊት ሁለቱን ቁልፎች፣ ኤክስንና ሲን፣ አሳዩአቸው።