28 ቀን ያለው ወር

ደም ከሰው ገላ ሲወጣ የማውቀው በሁለት ነገር ነው፤ በጥይትና በዋግምት። ሁለቱም የወሰዱትን መልሰው አያውቁም። ይኸው ደግሞ ደብረ ማርቆስ ነርሲንግ የምትማረው የልጅ ልጄ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «አባባ፣ ይዩማ!» ትለኛለች። አንድ ሕፃን ተኝቷል። ደሙ በቱቦ ከአንገቱ ይወጣል፣ ሞተር ይገፋዋል፣ በሰው ሠራሽ ሳንባ ውስጥ አልፎ ኦክስጅን ይጠግብና ሞቅ ብሎ ተመልሶ ይገባል። የልጁ ልብና ሳንባ ቀናትን፣ ሲብስም ሳምንታትን ያርፋሉ። ኤክሞ ይሉታል።

«ልጁስ?» አልኋት።

«ያገግማላ፤ ከተረፈ።»

እኔ በዚያ ዕድሜዬ ከብት ስጠብቅ ለአንድ ቀን ያረፈልኝ ሳንባ የለም!

አዲስ ነገር ቢሆን ደግሞ ባልከፋኝ። ባርትሌት የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1975፣ እዚህ ደርግ መሬት ባወጀበት ዓመት፣ እናቷ ጥላት የሄደችውን አራስ በዚህ መኪና አትርፏል። ነርሶቹ ኤስፔራንዛ አሏት፤ ተስፋ ማለት ነው። እኛ መሬት ስንለካ ሰው ሳንባ ከገላ ውጭ ያሠራ ነበር። ማን ነገረን?

የጉሮሮንስ ነገር ማን ነገረን? የታናሽ ልጄ ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው «እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥ» ያልሁ እኔ ነኝ። እናቱ እምቢ አለች። ሐኪምም ግን አላየውም፤ ዳማ ከሴ ጠጣና ተሻለው ብለን ተውነው። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጉልበቱ ሲያብጥ ኳሱን ረገምሁ። ኳሱ ንጹሕ ነበር። የጉሮሮው ጀርም ያስቆጣው ሰውነት ለካ የገዛ መገጣጠሚያውንና የልቡን በር ይነክሳል።

በሩ ከተበላሸ ቀዶ ጥገና ነው። ልቡን አቁመው፣ የኤክሞ ታላቅ ወንድም የሆነ መኪና ለጥቂት ሰዓት ደሙን እያዞረለት ይጠግኑታል። ይህስ አገራችን አለ። ዶክተር በላይ አበጋዝ ከ1981 ዓ.ም. ጀምረው ለፍተው፣ በ2001 ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከል ተከፈተ፤ በፊት ልጆቹ ባሕር ማዶ ነበር የሚላኩት። ወረፋው ግን ብዙ ሺሕ ነው። ዓባይን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ሄዶ፣ ከዚያ መሰለፍ!

እዚያ እንዳንደርስ ልጁ ፔኒሲሊን ይወጋል፤ በየአራት ሳምንቱ፣ ለዓመታት። ይሁን። በኪዳነ ምሕረት ስለተጀመረ በየወሩ በ16 እናድርገው ብል «አባባ፣ 28 ቀን ነው እንጂ 30 አይደለም» ተባልሁ። ይኸው ቀጠሮው ከኪዳነ ምሕረት ወደ አቡነ አረጋዊ፣ ከአቡነ አረጋዊ ወደ ሚካኤል ይሸሽብኛል። የሚካኤል ጽዋ ማኅበሬን ትቼ፣ ጠላው ለሌላ ደርሶ፣ ጤና ጣቢያ አግዳሚ ላይ ዋልሁ። ልጁ መርፌውን ሲያይ እንደ ወይፈን ያገሳል፤ ከረሜላው ደግሞ ከእኔ ኪስ ነው።

ቀጣዩ በ10 ነው፤ በመስቀል። ለባለ ባጃጁ ከወዲሁ ነግሬዋለሁ።