ይቺን ስማት ባይ፦ በወረታና በፎገራ ሜዳ ስለሚገኙ የአልበም አድማጮች ዝርያና ጠባይ የቀረበ ጥናት

መግቢያ

ወረታ ከተማ ሩዝን በየዝርያው ለይቶ የሚያጠና ብሔራዊ የምርምርና የሥልጠና ማዕከል አላት። ከተማዋን የከበባት ሜዳም ስሙን ለከብት ያወረሰ ሜዳ ነው፤ የፎገራ ላም ከተባለ ቀንዷንና ቆዳዋን አይቶ ዘሯን የሚመሰክር ሰው ገበያ ላይ አይጠፋም። ገበሬውም የሩዙን ፍሬ መዳፉ ላይ አሽቶ «ይሄ ኤክስ ጅግና ነው» ወይም «አይደለም» ለማለት ብዙ አይቸገርም። ይህን ያህል የመለየት ጥበብ በሞላበት አገር የአልበም አድማጭን በዝርያው የለየ አንድ ሰው እንኳ አለመነሣቱ ያሳዝናል። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት ቀርቧል። አጥኚው የበጀት ድጋፍ አልጠየቀም፤ ቢጠይቅም እንደማያገኝ ያውቃል።

የጥናቱ ወሰን

ጥናቱ የሚያተኩረው በአንድ አልበም ላይ ነው፤ ቴዲ አፍሮ ሚያዝያ 2009 ላይ ባወጣው «ኢትዮጵያ» ላይ። የተመረጠበት ምክንያት ሳይንሳዊ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አልበም «ጥቁር ሰው» የወጣው በ2004 ነው፤ በመካከሉ አምስት ዓመት አለ። አምስት ዓመት አልበም ሲጠብቅ የኖረ ሰው አስተያየቱን የሚያጠራቅመው ዘፈኑን ከመስማቱ በፊት ነው። አልበሙ ሲወጣ የሚቀረው አስተያየቱን የሚያሳርፍበት ዘፈን መፈለግ ብቻ ነው።

ቦታውም በዘፈቀደ አልተመረጠም። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ናት፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚገነጠለው መንገድም የሚጀምረው ከእሷ ነው። አልበም ወረታ የሚገባው በሚኒባስ ነው። ሚኒባሱ የዓባይን ድልድይ ይሻገራል፣ ሐሙሲትን ያልፋል፣ ጉማራን ይሻገራል፣ ሜዳውን ሰንጥቆ መናኸሪያ ይቆማል። አዲስ አበባ ላይ ለወራት የሚያከራክረው የሙዚቃ ሒስ እዚህ በ55 ኪሎ ሜትር ገደማ ተከፍቶ፣ ተሟግቶ፣ ይግባኝ ተብሎበት ይዘጋል።

መረጃው የተሰበሰበው ከጋቢና፣ ከጀበና ቡና ቤትና ከሩዝ መፈልፈያ በራፍ ነው። የመፈልፈያው መረጃ አጭር መሆኑን አንባቢ ይወቅ፤ ማሽኑ እየጮኸ የሚሰጥ አስተያየት ከ«ምርጥ ናት!» እና ከ«አትረባም!» አያልፍም። በጥራት ግን ከሦስቱም የሚበልጠው እሱ ነው።

ምደባ

አንደኛ፣ ድሮ ባይ። ይህ ዝርያ ያለፈው አልበም ይሻል ነበር የሚል ነው። «ጥቁር ሰው» ሲወጣ «የ1997ቱን ‹ያስተሰርያል› የሚያህል የለም» ብሎ ነበር። «ኢትዮጵያ» ሲወጣ «‹ጥቁር ሰው›ን የሚያህል የለም» አለ። ያለፈውን ንግግሩን ቢያስታውሱት አይደናገጥም፤ «ያኔ አልገባኝም ነበር» ይላል። ከዚህ የምንረዳው አንድ አልበም ድሮ ባይን ለማስደሰት ከፈለገ ማድረግ ያለበት ቀጣዩን መጠበቅ ብቻ መሆኑን ነው።

ሁለተኛ፣ ቁጥር ጠሪ። ዘፈንን በስሙ አይጠራም፤ «አራተኛዋን ሰምተሃታል?» ይላል። ችግሩ የሚጀምረው ዘፈኖቹ ከሲዲ ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ወደ ሚሞሪ ሲገለበጡ ነው። አንዱ ስልክ በፊደል ተራ ያሰልፋቸዋል፣ ሌላው በተጫኑበት ሰዓት፣ ሦስተኛው በገዛ ፈቃዱ። ስለዚህ ሁለት ቁጥር ጠሪዎች ስለ አራተኛዋ ሲከራከሩ አንደኛው ስለ «ሰምበሬ»፣ ሌላው ስለ «አና ኛቱ» ያወራል። ሁለቱም ግን በአንድ ቃል ተስማምተው ይለያያሉ። አጥኚው እንዲህ ያለ የሰመረ ውይይት በሌላ መስክ አላየም።

ሦስተኛ፣ ቢልቦርድ ጠቃሽ። አልበሙ በወጣ ሰሞን በአሜሪካው የቢልቦርድ መጽሔት የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ ነበር። ይህ ዝርያ ማንኛውንም ክርክር የሚዘጋው በዚህ ነው። የወረታ ተሟጋች ግን በቀላሉ አይረታም፦ «ቢልቦርዱ የት ነው የተሰቀለው?» ብሎ ይጠይቃል። ያኔ ጠቃሹ ራሱ ይጠራጠራል።

አራተኛ፣ ሮከኛ። ጃኖ ባንድ በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት የሠራውን «ኤርታሌ»ን የሚሰማ፣ የቴዲንም ዘፈን «ጊታሩ አነሰ» የሚል ነው። ልናነጋግረው ስንሄድ ባሕር ዳር ሄዷል ተባልን።

አምስተኛ፣ ዳኛ

ይህ ዝርያ የተፈጠረው ከወረታ አቀማመጥ ነው። አልበሙ ውስጥ ሁለት ተፋላሚ ዘፈኖች አሉ። አንዷ «አፄ ቴዎድሮስ» ናት፤ በጌምድር የእኔ ናት ይላል። ሴባስቶፖል የተባለው መድፋቸው የተሠራባት ጋፋት ያለችው ደብረ ታቦር አጠገብ ነው፤ ከወረታ ዓለም በርን አልፎ ሽቅብ ማለት ብቻ ነው። መድፉ ወደ መቅደላ ሲጎተት ወደ ምሥራቅ ስለ ሄደ በወረታ አላለፈም፤ ይህን ለወረታ ሰው መንገር ግን ምንም ጥቅም የለውም። ሌላዋ ዘፈን «ማር እስከ ጧፍ» ናት፤ በ1958 ከታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተቀዳች ስለሆነች፣ ባለታሪኩ በዛብህም የማንኩሳ ልጅ ስለሆነ፣ ጎጃም የእኔ ናት ይላል።

ወረታ በዞን አስተዳደር ደቡብ ጎንደር ናት፤ ከተሳፋሪዎቿ ብዙዎቹ ግን ባሕር ዳር ውለው የሚገቡ ናቸው። ስለዚህ የወረታ ዳኛ ፍርዱን የሚሰጠው ሚኒባሱ ወዴት እንደሚሄድ አይቶ ነው። መኪናው ወደ ጎንደር ከሆነ «የቴዎድሮስን የሚያህል የለም» ይላል። ወደ ባሕር ዳር ከሆነ «የበዛብህን ሰብለ ወንጌል ያላለቀሰላት ሰው ነው?» ይላል። መኪናው ካልተነሣ ፍርዱን ለሌላ ጊዜ ይቀጥራል። በዕድሜ ገፋ ያሉት ዳኞች ደግሞ ሁለቱንም ዘፈን ወደ ጎን ብለው «ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው ‹ፍቅር እስከ መቃብር› ይበልጣል» በማለት ፋይሉን ይዘጉታል። ይህን ፍርድ ማንም በይግባኝ ሽሮት አያውቅም፤ አጥኚውም አይደፍርም።

እዚህ ላይ አንድ የሽንኩርት ነጋዴ ያፈለቀውን «የሦስቱ ካሳዎች ንድፈ ሐሳብ» መመዝገብ ተገቢ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ኃይሉ ነበሩ። «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለው አዋቂ ጉዱ ካሳ ነው። ዘፋኙ ራሱ ቴዎድሮስ ካሳሁን ነው። ነጋዴው ሦስት ጣቱን ዘርግቶ «ይሄ ዝም ብሎ የሆነ ይመስልሃል?» ሲል ቡና ቤቱ ጸጥ አለ። ንጉሡ ያረፉት ሚያዝያ 1860፣ አልበሙ የወጣው ሚያዝያ መሆኑንም ጨመረበት። አንድ መምህር «አፄ ዮሐንስም እኮ ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ምርጫ ነበሩ» ብሎ ሊያፈርስበት ሞከረ። ነጋዴው ሳያመነታ «እሳቸው አልበሙ ውስጥ የሉም» አለ። ንድፈ ሐሳቡ እስካሁን አልተረታም።

ስድስተኛ፣ ይቺን ስማት ባይ

የጥናቱ እምብርት ይህ ነው። ከላይ ያሉት ሁሉ ስለ ዘፈን አስተያየት የሚሰጡት ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ነው። ይቺን ስማት ባይ የሚሰጠው በዘፈኑ መካከል፣ ያውም ከምርጧ ስንኝ ላይ ነው። መኖሪያው ጋቢና ነው። ከኋላ ወንበር የተገኘ ናሙና ካለ ጋቢና የተነጠቀ ነው።

ሦስት ንዑስ ዝርያዎች አሉት። አስጠንቃቂው ስንኟ ከመምጣቷ በፊት ያስጠነቅቃል፦ «መጣች፣ መጣች፣ ዝም በሉ!» አጃቢው ስንኟን ከዘፋኙ ግማሽ ቃል ቀድሞ ራሱ ይላታል፤ ዘፋኙ እሱን የሚከተል ይመስላል። ተርጓሚው ስንኟ እንዳለፈች «ምን ማለቱ መሰለህ…» ብሎ ይጀምርና ቀጣዮቹን ሁለት ስንኞች ይሸፍናቸዋል። ሦስቱንም ጠባይ አጠቃሎ የያዘ ሲገኝ «ሙሉ ስማት ባይ» ይባላል። ብርቅ አይደለም።

አጥኚው በቅርብ ያየው አንድ ሙሉ ናሙና እነሆ። ወሩ ኅዳር ነው፤ ሜዳው ላይ ሩዝ እየታጨደ ነው። ናሙናው በሹፌሩና በአጥኚው መካከል ተቀምጧል፤ ፌስታል ሙሉ ሙዝ ታቅፏል፣ ጉልበቱ ማርሹን ይነካል። ሐሙሲትን እንዳለፍን «አፄ ቴዎድሮስ» ተከፈተች። በመግቢያው ሙዚቃ ላይ ናሙናው ጭጭ አለ። ይህ ዝምታ ሊያታልለን አይገባም፤ ዝግጅት ነው። ስንኟ ስትቃረብ የቀኝ እጁ ሌባ ጣት ወደ ጣሪያው ተነሣች፤ ግራ እጁ የአጥኚውን ጉልበት ጨበጠ።

«ይቺን ስማት!»

ስንኟ መጣች። እሱ ግን አንዴ ብሎ አላበቃም። «ስማት! ስማት እንጂ! ምን እንዳለ ሰማህ?» በዚህ መካከል ስንኟ ገብታ ወጣች።

«አልሰማሁም» አልኩት።

ፊቱ ላይ የታየው ሐዘን እውነተኛ ነበር። ወደ ሹፌሩ ዞሮ «መልሳት እስቲ፣ አልሰማትም» አለ። ሹፌሩ መለሳት። ጣቷ ተነሣች፣ ጉልበቴ ተጨበጠ፣ «አሁን! አሁን! ይቺን!» ስንኟ እንደገና አለፈች። ሦስተኛ ስትመለስ ረዳቱ በሩን ከፍቶ «ወረታ! አዲስ ዘመን! ጎንደር!» እያለ ስለ ጮኸ ጥፋቱ በከፊል የረዳቱ ነው። አራተኛዋ ላይ ከኋላ የተቀመጡ እናት ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ልጄ፣ አንተንስ ሰማንህ፤ እስቲ ያን ልጅ ደግሞ ተወው ይናገር።»

«እማማ፣ እቺን ብቻ ይስሟትና ዝም እላለሁ።»

ዝም ያለው ወረታ መናኸሪያ ላይ ሲወርድ ነው። ሲወርድ ለሁላችንም ሙዝ አደለን። ለእማማ ሁለት።

በዚህ ጥናት ውስጥ ከአልበሙ አንዲት ስንኝ እንኳ ያልተጠቀሰችው በዚህ ምክንያት ነው። አጥኚው ምርጥ የተባሉትን ስንኞች አንዳቸውንም ሙሉ አልሰማም። ቤቱ ገብቶ ብቻውን አይሰማም ነበር ወይ የሚል ይኖራል። ሞክሮታል። ስንኟ ስትደርስ ጉልበቱ ላይ እጅ ያረፈ ይመስለዋል፤ «ይቺን ስማት» የሚለው ድምፅ ከዘፋኙ ቀድሞ ጆሮው ውስጥ ይገባል።

በጥር 2010 ቴዲ ባሕር ዳር ላይ ኮንሰርት ባቀረበ ጊዜ ከወረታም የሄደ ብዙ ነበር። አንድ ስማት ባይ ዘፋኙ በአካል መድረክ ላይ ቆሞ እየዘፈነ እያለ የጓደኛውን ክንድ ይዞ «ይቺን ስማት!» ማለቱ ይተረካል። አጥኚው አላየውም፤ ነገር ግን ከጠባዩ ጋር ስለሚስማማ ሳይጠራጠር መዝግቦታል።

ስለ መንስኤው

ይህ ሰው ስንኟን ካልሰማሃት የሚያዝነው፣ ስትመጣ ደግሞ የሚሸፍናት ለምንድን ነው? አጥኚው ብዙ ሲመራመር ቆይቶ የደረሰበት ይህ ነው፦ ስማት ባይ ዘፈኑን አይደለም የሚያዳምጠው። እሱ ሸምድዶታል። የሚጠብቀው የእኛን ፊት ነው። በመጀመሪያው ቀን ያቺ ስንኝ እሱን ያደረገችውን እኛንም ስታደርገን ማየት ይፈልጋል፤ ብቻውን ተደስቶ መቅረት አይችልም። ዓይኑ መንገዱ ላይ ሳይሆን ጉንጫችን ላይ የሚተከለው ለዚህ ነው። ድሮ ባይ፣ ቁጥር ጠሪና ዳኛ ስለ ዘፈን ያወራሉ። ዘፈኑን ለሰው ሊሰጥ የሚሞክር እሱ ብቻ ነው፤ ችግሩ ሲሰጥ እጁን አለመልቀቁ ነው።

ከሰባተኛ እስከ አሥራ አንደኛ

ሌሎች አምስት ዝርያዎች እንዳሉ በዕቅዱ ተመልክቶ ነበር። ከመካከላቸው «አልበሙ ከመውጣቱ በፊት የሰማው» እና «ግጥሙን ትቶ ዜማውን ብቻ የሚወድ» ይገኙበታል። አጥኚው ሊያጠናቸው ጋቢና ሲገባ ሁልጊዜ ስማት ባይ ቀድሞት ተቀምጦ ስለሚያገኘው ሥራው ሊቀጥል አልቻለም። ምደባው እዚህ ላይ ይቆማል።

ማሳሰቢያ

ከአልበሙ የትኛዋ ዘፈን ትበልጣለች ለሚለው ጥያቄ ይህ ጥናት መልስ የለውም፤ በደንብ የሰማት ሰው ካለ ይንገረን። በባሕር ዳር፣ በወረታና በጎንደር መስመር የምትሠሩ ሹፌሮች ግን አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ስማት ባይን ከጋቢና አታውርዱት፤ ያለ እሱ መንገዱ ይረዝማል። ጣቱን ሲያነሣ ካያችሁ ግን፣ ስለ እግዚአብሔር፣ ድምፁን ከፍ አድርጉት።