የጾም እራት በላስ ቬጋስ

ላስ ቬጋስ ውስጥ ደህና ምግብ ቤት እራት ሊበላ የወጣ ሰው አስቀድሞ ካዚኖውን መሻገር አለበት። በአብዛኞቹ ትልልቅ ሆቴሎች ቲያትሩም፣ ሱቆቹም፣ ምግብ ቤቶቹም የተቀመጡት ከቁማር አዳራሹ ወዲያ ማዶ ነው። አዳራሹ መስኮት የለውም፤ ግድግዳው ላይ ሰዓት አይሰቀልም፤ መተላለፊያው አሥር እርምጃ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ይህ ሁሉ ታስቦበት የተሠራ ነው። ቢል ፍሬድማን የሚባል የካዚኖ ባለሙያ በ2000 ባሳተመው መጽሐፍ (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጣሪያው ዝቅ፣ መንገዱ ጥምዝምዝ፣ ማሽኖቹ የተጠጋጉ ሲሆኑ ሰው ቶሎ ለቁማር እንደሚቀመጥ አስረድቷል። የቤላጂዮንና የዊንን ውስጥ ያስዋበው ሮጀር ቶማስ ግን በተቃራኒው ሄዶ ጣሪያውን ከፍ አደረገ፤ የቀን ብርሃንና አበባ አስገባ። እኛ የገባንበት ቤት የተሠራው በፍሬድማን ምክር ነው ብዬ አምናለሁ።

እኛ ስል የአክስቴን ልጅ፣ ባለቤቷን፣ የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውንና እኔን ማለቴ ነው። የአክስቴ ልጅ ታላቄ ናት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እታለም ነው የምላት። ስትሪፕ ከሚባለው ትልቁ ጎዳና ላይ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አልጋ ስታነጥፍ፣ መታጠቢያ ቤት ስትፈገፍግ ብዙ ዓመት ሆኗታል። ጋሼ፣ ባለቤቷ፣ ታክሲ ይነዳሉ። እዚያ ከተማ ሐበሻው ብዙ ነው፤ ታክሲ ውስጥም፣ ሆቴል ጓዳም፣ የካርታ ጠረጴዛ ጀርባም አማርኛ የሚናገር ሰው አይጠፋም።

የእራቱ ሐሳብ የሷ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ቤት ስንሄድ፣ እዚያው ሻንጣ መጠበቂያው አጠገብ የተደረደሩትን የቁማር ማሽኖች አይቼ ገና ሳልረጋጋ፣ እንዲህ አለችኝ፦

“ክፍል ሳጸዳ ጠረጴዛ ላይ የተረሳ ደረሰኝ አያለሁ። አንድ እራት፣ የኔን የሳምንት ደሞዝ የሚያክል! ምን ቢበሉ ነው እላለሁ። አንድ ቀን እኔም እንደ ሰው ተቀምጬ፣ ቀርቦልኝ ላየው እፈልጋለሁ። ብር አስቀምጫለሁ። አንተም መጣህልኝ።”

ጋሼ መሪውን ይዘው፣ “ኧረ ተይ አንቺ ሴትዮ፣ በዚያ ገንዘብ ስንት ነገር ይሠራል” አሉ። ድምፃቸው ግን የተሸነፈ ሰው ድምፅ ነበር።

እኔ ከሷ ጋር ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ገንዘብ ይባክናል የሚለው ክርክር የሚነሣው የሠራተኛ ሰው ምኞት ሲሆን ብቻ ነው። ያ ከተማ ደግሞ ዛሬ የሚኖረው ከቁማሩ ይልቅ በመኝታው፣ በትርኢቱና በምግቡ ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ስትሪፕ ላይ የመጀመሪያው የቁማር ሆቴል ኤል ራንቾ ቬጋስ በ1941 ሲከፈት ምግብ ማለት ቁማርተኛው ተርቦ ወደ ሌላ ቤት እንዳይሄድ መያዣ ነበር። በዚያው ዘመን እዚያው ቤት ሌሊት ሌሊት የሚዘረጋው ቡፌ በአንድ ዶላር እስኪጠግቡ የሚበላበት ነበር፤ ሌሎቹም ያንኑ ተከተሉ። ኦስትሪያዊው ቮልፍጋንግ ፐክ በ1992 ሲዘርስ ፓላስ አጠገብ ባሉት የፎረም ሱቆች ውስጥ ስፓጎን ሲከፍት ነው ነገሩ የተለወጠው። ከዚያ በኋላ ስማቸው የገነነ ሼፎች ተከታትለው መጡ። ፈረንሳዊው ጆኤል ሮቡሾን በ2005 ኤም ጂ ኤም ግራንድ ውስጥ ከፈተ፤ ቤቱም የሚሽላንን ሦስት ኮከብ አገኘ። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ወዲህ የስትሪፕ ትልልቅ ቤቶች ከቁማር ውጭ የሚያስገቡት ገንዘብ ከቁማሩ በልጧል። እንግዲህ እታለም የምታነጥፈው አልጋና ወጥ ቤቱ የሚያወጣው ሳህን ናቸው ያንን ሁሉ መብራት የሚያበሩት።

ጊዜው የነቢያት ጾም ነበር። እታለም ጾም አትሽርም፤ ዓሣም አትነካም። ስለዚህ ጠረጴዛ ስትይዝ በስልክ አንድ በአንድ ተናግራለች፦ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ከአጥንት የወጣ መረቅ፣ አንዱም እንዳይገባ። ስልኩን ያነሣችው ልጅ “ቪጋን ማለት ነው፣ ምንም ችግር የለም” አለቻት። ማመኗ ሞኝነት አልነበረም። ባለሀብቱ ስቲቭ ዊን በ2010 ራሱ ከእንስሳት ምግብ ርቆ በዊንና በኢንኮር ምግብ ቤቶች ሁሉ እንዲህ ያለ ምግብ እንዲኖር ካዘዘ ወዲህ በዚያ ከተማ ቪጋን ማለት ብርቅ አይደለም። እኛ የሄድነው ግን ወደ ሌላ ቤት ነው፤ ስሙን አልጠራም።

ቀጠሯችን አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። መኪናችንን አቁመን ስንገባ ግማሽ ሰዓት ያህል በእጃችን አለ። እታለም አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። የምትሠራበት ቤት ቢሆን ዓይኗን ጨፍና ታደርሰን ነበር፤ ይህ ግን የማዶው ቤት ነው። ምልክቱ ወደ ግራ ይላል፤ ግራ ስንታጠፍ ማሽን ብቻ። እንደገና ምልክት፣ እንደገና ማሽን። መካከል ላይ የልጁ ጫማ ማሰሪያ ተፈታ። ጎንበስ ብሎ ሊያስር ሲል ከየት መጣ ሳይባል አንድ የጥበቃ ሠራተኛ አጠገባችን ቆመ። ኔቫዳ ውስጥ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው ቁማር አዳራሽን ማለፍ ይችላል፤ መቆም ግን አይችልም። ሰውየው በትሕትና ነው የተናገረው፣ ሕጉም ደግ ሕግ ነው፤ ልጅን ከዚያ መዓት የሚያርቅ ሕግ ቢጠብቅ እንጂ ቢላላ አልወድም። ሆኖም የልጆች መንገድ ሌላ ቢሆን ምን ነበረበት? ልጅ ያለው ቤተሰብ ምግብ ቤት የሚደርሰው በቁማር መካከል ብቻ እንዲሆን ያደረገው ያው ቤቱ ነው። ጋሼ ልጁን አንጠልጥለው፣ ማሰሪያው እየተጎተተ፣ ሄድን። አንዱን ምንጭ ዞረን ተመልሰን ያንኑ ምንጭ አገኘነው።

ስንደርስ ከቀጠሮው አሥራ ስምንት ደቂቃ አልፎ ነበር። በሩ ላይ የቆመችው ልጅ ስክሪኗን አየችና አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ እንደሚጠብቁ፣ ጠረጴዛው ለሌላ ሰው እንደተሰጠ ነገረችን። ባሩ ጋ ተቀምጣችሁ ጠብቁ አለች። ቀና ብላ ልጁን ስታይ ደግሞ ባሩ ጋ ልጅ አይቀመጥም አለች። አዳራሹ ውስጥ መቆም ክልክል፣ ባሩ ክልክል፣ ውስጡ ሞልቷል። አራታችን ከበሩ ጎን፣ ከትልቅ የአበባ ማስቀመጫ አጠገብ ቆምን። እኔ ተናድጄ ልናገር ስል እታለም ክንዴን ያዘችኝ።

“ተው። እሷ የታዘዘችውን ነው የምትሠራው። በኔም ላይ እንዲሁ የሚጮሁ አሉ።”

ያስገባን ሳህን የሚያነሣ አንድ ወጣት ነው። በዚያ ሲያልፍ ነጠላዋን አየ፤ ተመልሶ መጣና እጅ ነሥቶ፣ “እናቴ፣ እንዴት ነዎት? ለምን ቆሙ?” አላት። ነገርነው። ወደ ውስጥ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ የአዳራሹ ኃላፊ ራሱ መጥቶ በመስኮት በኩል ያለ ጠረጴዛ ሰጠን። ወጣቱ ምን ብሎ እንደነገረው አልጠየቅሁትም።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት እግዚአብሔር ይስጣቸው ከማለት በቀር ሌላ የምለው የለኝም። መጀመሪያ ከጣት የማይበልጥ የተጠበሰ ቀይ ሥር መጣ፤ ከሥሩ የተፈጨ ለውዝ፣ ከላይ የብርቱካን ልጣጭ። እታለም ወዲያው አልበላችውም፤ መጀመሪያ ሳህኑን በጣቷ ነካችው። “ሞቋል፤ ሳህኑን አሙቀውታል” አለች። የሠራተኛ ዓይን የሚያየው ይህን ነው። ቀጥሎ በእንፋሎት የበሰለ ነጭ ባቄላ በወይራ ዘይት፣ ከዚያ ሙሉውን ተጠብሶ የተሰነጠቀ ጎመን። ጎመን እንዲህ ሊጣፍጥ ይችላል ብዬ አላውቅም ነበር፤ ዳር ዳሩ ጠቁሮ፣ መካከሉ ለስልሶ፣ ሰናፍጭ ተቀብቶ። ጋሼ እንኳ ስለ ዋጋው ማውራት ተዉ። እታለም በየመካከሉ ጠረጴዛው እንዴት እንደሚጠረግ፣ ውኃ ማን እንደሚቀዳ፣ አስተናጋጁ ከየትኛው ጎን እንደሚያቀርብ ለልጇ ታሳየው ነበር። እሷ ራሷ በሥራ ቀን የምትበላው ምድር ቤት ባለው የሠራተኛ መመገቢያ፣ በተወሰነችላት ደቂቃ ነው።

አራተኛው ሳህን ገብስ በእንጉዳይ ነበር። ጋሼና እኔ ጎርሰናል። እታለም ማንኪያውን ወደ አፏ አስጠግታ ቆመች። መልሳ አስቀመጠችው።

“ይሄ ቅቤ አለበት።”

አስተናጋጁ፣ መልካም ልጅ ነው፣ የወይራ ዘይት እንደሆነ ማለላት። እሷም ድምጿን ሳታነሣ፣ በዚያ በሥራ ቦታ በተማረችው እንግሊዝኛ፣ ቅቤ ሲነጠር እያየች እንዳደገች፣ ሽታው እንደማይጠፋት፣ ሄዶ እንዲጠይቅላት ነገረችው። ሄደ። ሲመለስ ከሼፉ ጋር ነው።

ሼፉ አልዋሸም፤ ቅቤ ገብቶበታል አለ፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። በፈረንሳይ አበሳሰል ከእሳት ከመውረዱ በፊት ቁራጭ ቅቤ ጣል አድርጎ ማወዛወዝ የተለመደ ነው፤ መረቁን ያወፍረዋል፣ ያበራዋል። ሮቡሾን ራሱ ስሙ የተነሣው በድንች ፍትፍቱ ነው፣ ያም ድንች ቅቤው እጅግ የበዛ ነው። ምድጃው ላይ የነበረው ልጅ ትእዛዙን አንብቦ እጁ እንደለመደው አደረገ። ሼፉ ይቅርታ ጠየቀና ብዙ ሰው ቪጋን ብሎ አዝዞ ትንሽ ቅቤ ቢገባ ግድ እንደማይሰጠው ተናገረ።

እታለም ለሱ የሰጠችውን መልስ እንዳለ ልጻፈው። “ለነሱ የአመጋገብ ምርጫ ይሆናል። እኔ ግን ለእግዚአብሔር የገባሁት ቃል ነው። አንተ ቤት ስመጣ ቃሌን አንተ እጅ ላይ አስቀምጬ ነው።”

ሰውየው ዝም አለ። ከዚያ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና ጾሙ ስንት ቀን እንደሆነ፣ ምን እንደሚበላ፣ ለምን እንደሆነ ጠየቃት። አርባ ሦስት ቀን አለችው። ሽሮ ምን እንደሆነ፣ ያለ ቅቤ ሽንኩርቱ ብቻ እንዴት ወጥ እንደሚያወፍር ነገረችው። እስክሪብቶ አውጥቶ እጅጌው ውስጥ ባለች ወረቀት ጻፈ። ጋሼ ራሳቸውን ይዘው ነበር፤ “ሳናውቅ ነው፤ ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ” አሉ፤ እኔም እንደዚያው ነው ያደረግሁት።

ይህን ነገር ቀላል አድርጎ የሚያይ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። አንድ ቁራጭ ቅቤ! ግን በሌላ ሰው እጅ የሚበላ ሰው ሁሉ የሚኖረው በእምነት ነው። ለውዝ የሚገድለውም፣ አሳማ የማይበላውም፣ የሚጾመውም። ዋጋው እንደዚያ በሆነበት ቤት ትንሹ ግዴታ የተባለውን መስማት ነው።

ሒሳቡ ሲመጣ ሼፉ ከዋጋው ደህና አድርጎ ቀንሷል። እኔ ልክፈል፣ በሞትኩት፣ ብዬ ታገልኩ፤ እታለም ቦርሳዋን ይዛ፣ “ይሄ የኔ ቀን ነው” አለች፤ ተውኩ። ቅናሹን ተቀበለች፤ ያበላሸ ይክሳል ብላ። ቲፑን ግን ያሰላችው ከተቀነሰው ላይ ሳይሆን ከመጀመሪያው ሙሉ ዋጋ ላይ ነው። ጋሼ ደነገጡ።

“ቲፑ የሼፉ አይደለም” አለቻቸው። “አስተናጋጁ ለሳህን አንሺው፣ ለባሩ ልጅ ያካፍለዋል። ቅቤውን እነሱ አልጨመሩም። ለምን ከነሱ ይቀነሳል?”

ይህን የምትለው ከየት እንደሆነ አውቃለሁ። ኩሊነሪ በሚሉት፣ ስልሳ ሺህ ያህል ሠራተኛ ባቀፈው የሆቴልና ምግብ ቤት ሠራተኞች ማኅበር ውስጥ ናት። ገና አዲስ ገቢ ሳለች የነገሯት የፍሮንቲየርን ታሪክ ነው። እዚያ ሆቴል በ1991 አምስት መቶ ሃምሳ ያህል ሠራተኞች ሥራ አቁመው ወጡ፤ እስከ 1998 መጀመሪያ ድረስ፣ ከስድስት ዓመት በላይ፣ በብርድና በዚያ በረሃ ሐሩር በር ላይ ቆሙ፤ አንድም ሰው ከመሥመሩ ወጥቶ ወደ ሥራ አልገባም። በመጨረሻም አሸነፉ። በ2023 ደግሞ ማኅበሩ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ጋር አዲስ ውል ሲፈራረም ክፍሎች በየቀኑ እንዲጸዱ አስጽፏል። ነገሩ ለማያውቅ ትንሽ ይመስላል። ለሦስት ቀን ያልተጸዳ ክፍል ግን በአራተኛው ቀን የአንዲት ሴት ወገብ ይሰብራል።

ሼፉ ስንወጣ በር ድረስ ሸኘን፤ የራሱን ስልክ ጽፎ ሰጣት። በማግስቱ ደወለችለት። ጾሙ ተፈትቶ፣ ገና ካለፈ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ለስድስት ሰው ጠረጴዛ ይዛለች፤ ሁለቱ አብረዋት ክፍል የሚያጸዱ ጓደኞቿ ናቸው። ያን እንጉዳይ በገብስ ከነቅቤው እንዲያመጡላት ከወዲሁ አዝዛለች።