የሪሲቨር ጀርባ

የቤት ቴአትር ሪሲቨር ፊቱ ሁለት ማዞሪያ፣ ጀርባው የቀዳዳ መዓት ነው። ከቀዳዳዎቹ ብዙዎቹ ዕቃው እስኪሸጥ ድረስ አንድም ገመድ ሳያዩ ይቀራሉ።

የሲዲ ማጫወቻ የሚገባው በአርሲኤ ገመድ ነው፤ ቀዩ ለቀኝ፣ ነጩ ለግራ። ቢቀያየሩም የሚቃጠል ነገር የለም፤ በግራ የነበረው ቫዮሊን ወደ ቀኝ ይዛወራል፤ ድምፁ ተሻሻለ የሚል እንግዳም አይጠፋም።

የሸክላ ማጫወቻ ግን ኩሩ ነው። የሚያወጣው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ «ፎኖ» የተባለውን መግቢያ ይሻል። ማጉያ የሌለው የሸክላ ማጫወቻ በተራው መግቢያ ከተሰካ ዘፋኙ ከጎረቤት ግቢ የሚያንጎራጉር ይመስላል፤ ሲዲው በፎኖ ከገባ ደግሞ ጎረቤቱ ራሱ ይመጣል። ቀጭኗ የመሬት ሽቦ ከተረሳች፣ እምም የሚል አጃቢ በነፃ ይታከላል።

የቴሌቪዥን ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1983 ቶሺባ በፈጠረው የብርሃን ገመድ፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ2009 ከኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር በመጣው ኤአርሲ (የድምፅ መመለሻ መስመር) ይገባል። ኤአርሲ የሚሠራው ግን ስሙ በተጻፈበት ቀዳዳ ሲሰካና በሁለቱም ዕቃዎች ሴቲንግ ውስጥ ሲፈቀድለት ነው።

ሁሉም ተሰክቶ ዝም ካለ፣ ብዙ ጊዜ በሪሞት ትክክለኛውን ግብዓት መምረጥ ይበቃል። መመሪያው ይህን በግልጽ ይናገራል፤ መመሪያው ካርቶኑ ውስጥ፣ ካርቶኑም ቆጥ ላይ ነው።