አምቦ ላይ ሽቅብ ለሚሄድ መንገደኛ የተሰጠ ምክር

አምቦ ለመሄድ ካሰቡ፣ ሻንጣዎን ከመዝጋትዎ በፊት «አፕ» የሚባለውን የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግስ አውጥተው ቤት ይተዉት። ከአዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር ተሸክመውት ቢደርሱ መንገድ ከማሳት ሌላ አይረባዎትም።

እንግሊዝኛ ተናጋሪ ካርታውን ግድግዳ ላይ ይሰቅልና ሰሜኑን «አፕ»፣ ደቡቡን «ዳውን» ይላል። ለግድግዳው ልክ ነው። አምቦ ላይ ግን ሽቅብና ቁልቁሉን የሚለየው ጉልበት ነው። ከተማዋ ያለችው 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ በስተደቡብ ያለው የወንጪ ተራራ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። የሁሉቃ ወንዝም ከደቡቡ ደጋ ተነስቶ፣ ከተማዋን አቋርጦ ቁልቁል ወደ ጉደር ይወርዳል። እንግዲህ ካርታው «ላይ» የሚለው ለእግርዎ ታች ነው፤ «ታች» የሚለው ደግሞ ያስለከልካል።

ስለዚህ መንገድ ሲጠይቁ «ሰሜን በየት ነው?» አይበሉ፤ ባለባጃጁ ጎንደር የሚሄዱ ይመስለዋል። «ትንሽ ወረድ ይበሉ» ካሉዎት ይውረዱ። «ትንሽ ከፍ ይበሉ» ካሉዎት ግን መጀመሪያ ቁርስ ይብሉ። በኦሮምኛ «ኦል» ከሰሙ ሽቅብ፣ «ገድ» ከሰሙ ቁልቁል ነው። «ትንሽ» የምትለዋን ቃል በየትኛውም ቋንቋ አይመኗት።

እንግሊዞቹ ራሳቸውም ቢሆኑ ለካርታው አልታመኑም። ባቡራቸው ከየትም ይነሳ፣ ወደ ሎንዶን ካመራ «አፕ» ይሉታል። በዚህ ደንብ ከአምቦ አዲስ አበባ መሄድም «አፕ» ሊሆን ነው። ደግነቱ አዲስ አበባ ከአምቦ ከፍ ስለምትል፣ በዚህች አንዲት ጉዳይ ደንቡና ጉልበትዎ ይታረቃሉ።

አሁንም ከተጠራጠሩ ዳኛው ሁሉቃ ነው። ሁሉቃ ጉደርን፣ ጉደር ዓባይን ይዞ ግብፅ ይደርሳል። እዚያም ደቡቡን «ላይኛው ግብፅ»፣ ሰሜኑን «ታችኛው ግብፅ» ይሉታል። ስሙን ያወጡት ውሃው የሚወርድበትን አይተው ነዋ! የአምቦ ባለባጃጅና ፈርዖን ሳይተዋወቁ ይስማማሉ።

ይህ ሁሉ ተነግሮዎት ከጠፉ፣ ካሉበት ቁጭ ብለው አንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃ ያስከፍቱ። በዚያ አገር ሳይደክመው ሽቅብ የሚወጣው የእሱ አረፋ ብቻ ነው።