ሰበብ የማያጣው ሽርሽር

በአብርሃ ጅራ፣ በመተማና በአካባቢው ቆላ የሚኖር አባወራ ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ ወደ ጎንደር ሲወጣ፣ ለምን እንደሚሄድ ለጠየቀው ጎረቤት «ልንዝናና ነው» ብሎ የሚመልስበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው፤ ለመዝናናት ብቻ ብር ማውጣት ከማባከን ስለሚቆጠር፣ ማንኛውም የቤተሰብ ሽርሽር አስቀድሞ የተከበረ ሰበብ ሊበጅለት ይገባል። ሰበቦቹም በሦስት ይከፈላሉ፤ አንደኛው የጤና ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከእናት ወገብ ወይም ከአያት ዓይን ጋር የተያያዘ ነው፤ ሁለተኛው የዘመድ ሲሆን ሰርግን፣ ለቅሶንና አራስ ጥየቃን ያጠቃልላል፤ ሦስተኛውና ማንም ሊከራከረው የማይደፍረው ደግሞ የሃይማኖት ሰበብ፣ ማለትም ጥምቀት ነው። ክረምቱን ሙሉ ዝም ብሎ የከረመው የአያት ዓይን ሰሊጡ ተሽጦ ብር እጅ በገባ ማግሥት የሚያምበት ምክንያት ግን እስካሁን ተመራማሪ አላገኘም።

የጊዜው መገጣጠም በእርሻው ሥራ ይብራራል። ሰሊጥ በወቅቱ ካልታጨደ ፍሬው መሬት ላይ የሚረግፍ ሰብል በመሆኑ፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ባሉት ሳምንታት ባለእርሻውም ሆነ ሳሉጉ፣ ይኸውም ለአረምና ለአጨዳ ወደ ቆላው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ቀና የሚልበት ፋታ የለውም፤ የታጨደው በሂላ፣ ማለትም ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ በሚቆምበት ክምር፣ ደርቆ፣ ተራግፎና ተበጥሮ ገበያ እስኪወጣ ድረስ ኅዳርና ታኅሣሥ ይደርሳሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ታላቅ በዓል ጥር 11 ቀን የሚከበረው ጥምቀት ስለሆነ፣ መንፈሳዊው ግዴታና የኪሱ አቅም ያለ ብዙ ድካም ይስማማሉ።

ለቆላ ልጅ የጎንደር የመጀመሪያው መስህብ የመግቢያ ክፍያ የማይጠየቅበት ብርዱ ነው። የአየር ሙቀት ወደ ላይ በወጡ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል የሚቀንስ ሲሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር በታች ካለው ቆላ ተነሥቶ በሳንጃና በትክል ድንጋይ በኩል 2,133 ሜትር ላይ ወደምትገኘው ጎንደር የሚወጣ ቤተሰብ ይህን ሕግ የሚማረው በገላው ነው። ልጆቹ በጥር ማለዳ ከአፋቸው የሚወጣውን እንፋሎት እያዩ ሲጋራ የሚያጨሱ ሲመስላቸው፣ በደገኛ ጋቢ ሲስቅ የኖረው አባት ገና በመጀመሪያው ሌሊት ከዘመዱ ጋቢ ተውሶ ይከናነባል፤ ጠዋትም ብርዱ እንዳልተሰማው ከጋቢው ውስጥ ሆኖ ያስረዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው አዋቂዎች «ታሪክ ነው፣ ልጆቹ ይማሩ» የሚሉለት የፋሲል ግቢ ነው። ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ መናገሻ ያደረጉት አፄ ፋሲለደስ ያስጀመሩትና ተከታዮቻቸው እየጨመሩ ያስፋፉት ይህ ግቢ፣ 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው አጥር ውስጥ በርካታ አብያተ መንግሥትን አቅፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። አባትም ሆነ አስጎብኚው ትረካውን ከፋሲለደስ ይጀምራሉ፤ የልጆቹ ቅደም ተከተል ግን የተለየ ሲሆን፣ አንደኛ የአንበሶቹ ቤት፣ ሁለተኛ የሚወጣና የሚወረድ ደረጃ፣ ሦስተኛ ንጉሡ ሽንት ቤታቸው የት እንደነበረ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፤ ንጉሡ ራሳቸው የሚደርሱት፣ ከደረሱ፣ በአራተኛ ነው።

ከግቢው ራቅ ብሎ የሚገኘው የፋሲል መዋኛ ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውሃ ለጥምቀት የሚሞላ ገንዳ ሲሆን፣ በዓሉ ሲደርስ ውሃው ተባርኮ ወጣቶች ዘለው ይገቡበታል፤ በቀረው የዓመቱ ክፍል ግን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለሚሆን፣ በመጋቢት የሄደ ቤተሰብ የሚያየው የገንዳውን ወለልና የድንጋይ አጥሩን አቅፈው የያዙትን የዛፍ ሥሮች ነው። በአቅራቢያውም የፋሲል ፈረስ የዞብል መቃብር ነው የሚባል፣ ጉልላት ያለው ሕንፃ አለ፤ በዚህ ስፍራ አባት ስለ ንጉሡ ፈረስ ክብር ሲናገር፣ ባለፈው ዓመት የሞተችው የቤታቸው አህያ ለምን ለጅብ እንደተጣለች ከልጆቹ አንዱ መጠየቁ አይቀርም።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ደግሞ ጣሪያውን በሞሉት ክንፋም የመላእክት ፊቶች ይታወቃል፤ አንገትን ወደ ኋላ ጥሎ መቁጠር የሚጀምሩ ልጆች እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ሲሆን፣ አዋቂ ጸሐፊዎችም ተመሳሳይ ቁጥር ስለማይሰጡ በልጆቹ ላይ የሚፈርድ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1888 ከመተማ አቅጣጫ የመጡት ደርቡሾች፣ ማለትም የሱዳኑ የማህዲ ሠራዊት፣ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ይህኛውን የንብ መንጋ እንደጠበቀው በትውፊት ይነገራል። ወደ ጎንደር ያለ ሰበብ የመጣ እንግዳ ምን እንደሚደርስበት ለማስረዳትም ትረካው ሳይጠቅም አይቀርም።

ሰበቡ ሁሉ የሚያልቀው በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ እስከምትገኘው የፓርኩ መግቢያ ደባርቅ ድረስ የሚያምም ወገብ የለምና። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ፓርክ፣ በሌላ ስፍራ የማይገኘው ዋልያና በኢትዮጵያ ከፍታዎች ብቻ የሚኖረው ጭላዳ ዝንጀሮ መኖሪያ ነው። ጭላዳ ቀኑን በሣር ግጦሽ የሚያሳልፍ ሲሆን፣ ማሽላውን ከዝንጀሮ ለማዳን ከማማ ላይ ወንጭፍ ሲያስወነጭፍ ያደገው የቆላ አባት ግን ይህን ልዩነት ለመቀበል ይቸገራል፤ የሚያባርረውን ፍጥረት ለማየት መክፈሉ ሳያንሰው፣ እጁ ወደ ድንጋይ ሲሄድ ከፓርኩ ጠባቂ ተግሣጽ ይቀበላል። ልጆቹ በበኩላቸው ሣር እየነጩ ከሚበሉት፣ ደረታቸው ቀይ ከሆነው መንጋ ፊት ለፊት ተቀምጠው ለአንድ ሰዓት ያህል ውሃ እንኳ አይጠይቁም፤ ይህም በቤተሰቡ ታሪክ የመጀመሪያው ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ድምዳሜ ግልጽ ነው፤ ቤተሰቡ ወደ ቆላው ሲመለስ ልጆቹ ለጓደኞቻቸው የሚያወሩት ስለ አያት ዓይንም ሆነ ስለ ሙሽራዋ ቀሚስ ሳይሆን ስለ ብርዱ፣ ስለ አንበሶቹ ቤትና ስለ ጭላዳው ነው፤ ሰበቡ ያስፈልግ የነበረው ለአዋቂዎቹ ብቻ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ በመጪው ጥር ሰሊጡን የሸጠ አባወራ የመንገዱን ሰላም አስቀድሞ ጠይቆ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ጋቢ ቋጥሮ፣ ዘመድ ከማይጠየቅበት አንድ ሙሉ ቀን ጋር ወደ ጎንደር ይውጣ፤ ጎረቤቱ ወዴት እንደሚሄድ ሲጠይቀውም ያለ አንዳች እፍረት «ልጆቼን ላዝናና» ይበል። አያትም ይሂዱ፤ ዓይናቸው ደህና ከሆነ ጭላዳውን አጥርተው ያያሉ።